ቀድሞ ወሳጅ ያጣው ዱቄት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። ላምም የለኝ፣ በረትም የለኝ። ያለኝ የመጋዘን ቁልፍ ነው። ይኸው ቁልፍ ሰሞኑን ሊያሳብደኝ ነበርና ስሙኝ።

ሰፈራችን ገደል ግርጌ ይባላል። ጠጠር ማምረቻው ከተዘጋ ወዲህ የብዙ ቤት ምድጃ ቀዝቅዟል። ታዲያ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ መከረና የምግብ ባንክ አቋቋመ። ባንክ ስላችሁ መስኮትና ወረፋ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ የድሮ ወፍጮ ቤት ነው። ያለው ያመጣል፣ የሌለው ይወስዳል፤ ሕጉ ይኸው ነው። ባለሱቁ ዘይት አመጣ፤ ሠርግ የደገሰው ከድግሱ የተረፈውን ምስር አመጣ፤ ዱቄቱን ደግሞ የከተማው ዋና መጋዘን ላከልን። አምስት አምስት ኪሎ እያደረግን በከረጢት ደረደርነው። ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። «ጋሽ ውብሸት ድምፁ ትልቅ ነው፣ ሰው ይጠራል» ተባለ።

ጠራሁ። ማን ይምጣ! አንድ ቀን ጠራሁ፣ ሁለት ቀን ጠራሁ፤ ከነቀዝ በቀር ዝር ያለ የለም። ነቀዝ ይሉኝታ አያውቅም፤ «እርስዎ ይቅደሙ» አይልም፤ ገብቶ ይበላል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከዋናው መጋዘን ተደወለ። «በእናንተ ሰፈር የተራበ ከሌለ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አይሱዙ ልከን ዱቄቱን ወደ ሌላ ሰፈር እናዞረዋለን» አሉኝ።

የተራበ ከሌለ! የማን ቤት ጭስ እንደማይወጣ እኔ አንድ በአንድ አውቃለሁ። መጋዘኑን ቆልፌ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ይመኙሻል ቤት ነው። ይመኙሻል ጠጠር ትጭን የነበረች የአራት ልጆች እናት ናት። የመጨረሻዋ ልጇ ቂጣ አምሯታል። ቂጣ ብቻ ነው ያለችው፤ ቅቤ ይቀባልኝ፣ ማር ይጨመርልኝ አላለችም።

«ይመኙሻል፣ ተነሺ! ነይ ዱቄት ውሰጂና ለልጅሽ ቂጣ ጋግሪላት» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ እኛ ደህና ነን። በልተናል» አለች።

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እኔም አየኋት።

«ምን በላችሁ?»

«ብቻ በልተናል። ደግሞ ሰይድ ወገቡን ታሞ ተኝቶ፣ እኔ ሁለት እግር ያለኝ ሴትዮ ቀድሜ ብወስድ ሰው ምን ይለኛል? ሰይድ ይቅደም።»

እሺ፣ ይቅደም። ወደ ሰይድ ቤት ሄድኩ። ሰይድ ተሸካሚ ነበር፤ አንድ ኩንታል ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ አልጋ ላይ ነው።

«ሰይድ፣ ተነሳ ዱቄት ውሰድ! አንተ ካልወሰድክ ይመኙሻል አትወስድም፤ ይመኙሻል ካልወሰደች ቂጣ አይጋገርም፤ ቂጣ ካልተጋገረ ልጅቷ አትበላም። አሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ አይሱዙው ይመጣል!»

«ወላሂ ጋሼ፣ አልራበኝም። ተኝቶ የሚውል ሰው ምን ሠርቶ ይርበዋል?» አለና ሆዱን በብርድ ልብሱ ሸፈነው። ሆዱ ግን አልተሸፈነለትም፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ሲጮህ ሰማሁት። «ባይሆን ዘሀራ የሟች እህቷን ሦስት የቲሞች ታሳድጋለች። ከየቲም አፍ ቀድሜ ልብላ? አላህ አይወደውም። ዘሀራ ትቅደም።»

እሺ፣ ትቅደም ብያለሁ። ዘሀራ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሳህን ታጥባለች። ጎረቤት እንዲሰማ እያንኳኳች ነው የምታጥበው። ጠጋ ብዬ ሳይ ሳህኖቹ ቅባት የሚባል ነገር አልነካቸውም።

«ዘሀራ፣ ያልተበላበት ሳህን ማጠቡን ተዪና ዱቄት ውሰጂ! አንቺ ካልወሰድሽ ሰይድ አይወስድም፤ ሰይድ ካልወሰደ ይመኙሻል አትወስድም፤ ይመኙሻል ካልወሰደች ቂጣ አይጋገርም፤ ቂጣ ካልተጋገረ ልጅቷ አትበላም። አሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ አይሱዙው ይመጣል!»

«ኧረ ቀስ ጋሽ ውብሸት፣ ሰው ይሰማል!»

«እንዲሰማ ነው እንጂ የምጮኸው!»

«እኔ እንደምንም እላለሁ። መምህር ተካልኝ ግን ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው። ከስተው አይታዩህም? እሳቸው ሳይወስዱ ተማሪያቸው ልቅደም? ነውር ነው! መምህሩ ይቅደሙ።»

ፀሐዩ አናቴን እየመታኝ መምህር ተካልኝ ቤት ደረስኩ። መምህሩ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ በራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጥርሳቸውን በስንጥር ይጎረጉራሉ።

«ሥጋ ነበር እንዴ መምህር?»

«አይ፣ እንዲሁ ከምሳ በኋላ ልማዴ ነው» አሉ። ምሳ! እሳቸው ቤት ከገባ ስንት ጊዜ የሆነውን ምሳ ነው የሚሉት? ስንጥሩን ከአፋቸው ነጥቄ መጣል አምሮኝ ነበር፤ ያስተማረ ሰው ይከበራል ብዬ ተውኩት።

«መምህር፣ እግርዎ ላይ ወድቄ፣ ዱቄት ይውሰዱ! እርስዎ ካልወሰዱ ዘሀራ አትወስድም፤ ዘሀራ ካልወሰደች ሰይድ አይወስድም፤ ሰይድ ካልወሰደ ይመኙሻል አትወስድም፤ ይመኙሻል ካልወሰደች ቂጣ አይጋገርም፤ ቂጣ ካልተጋገረ ልጅቷ አትበላም። አሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ አይሱዙው ይመጣል!»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ውብሸት፣ ሐሳቡ በመሠረቱ እጅግ መልካም ነው። እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ዓይናቸው የማያይ፣ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው እማማ የሺሐረግ እያሉ እኔ ብቀድም ከአንድ መምህር የሚጠበቅ አይሆንም። እማማ ይቅደሙ።»

የእማማ የሺሐረግ ቤት የት ነው ብትሉኝ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ሌላ የት ሊሆን ኖሯል! ቆም እያልኩ፣ ድንጋይ ላይ እየተቀመጥኩ ወጣሁት። እማማ መቋሚያቸውን ይዘው በር ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ በፈጠረዎት ይሁንብዎ፣ ዱቄት ይውሰዱ! እርስዎ ካልወሰዱ መምህሩ አይወስዱም፤ መምህሩ ካልወሰዱ ዘሀራ አትወስድም፤ ዘሀራ ካልወሰደች ሰይድ አይወስድም፤ ሰይድ ካልወሰደ ይመኙሻል አትወስድም፤ ይመኙሻል ካልወሰደች ቂጣ አይጋገርም፤ ቂጣ ካልተጋገረ ልጅቷ አትበላም። አሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ አይሱዙው ይመጣል!»

እማማ እስክጨርስ ጠበቁኝ። «አይ ልጄ» አሉ፣ «እኔ ዛሬ ነገ ለምሄደው ምን ያደርግልኛል? አራት ልጅ የያዘች እናት እያለች አሮጊት አይቀድምም። ያቺ ማናት፣ ይመኙሻል፣ እሷ ትቅደም።»

ይመኙሻል! ከማን ነበር የጀመርኩት? ከይመኙሻል! ጠዋት የቆምኩበት በር ላይ ሊመልሱኝ ነው ይኼን ሁሉ ዳገት ያስወጡኝ! ባርኔጣዬን አውልቄ መሬት ላይ ወረወርኩት። ከዚያ ያለኝ እሱ ብቻ ነውና አንስቼ አራገፍኩት።

ከዳገቱ አፋፍ ቁልቁል ጮህኩ። እንግዲህ ድምፄ ትልቅ ነው ብለው አይደል የሾሙኝ፣ ይስሙት!

«የገደል ግርጌ ሰዎች! ይመኙሻል ሰይድ ይቅደም ትላለች፤ ሰይድ ዘሀራ ትቅደም ይላል፤ ዘሀራ መምህሩ ይቅደሙ ትላለች፤ መምህሩ እማማ ይቅደሙ ይላሉ፤ እማማ ይመኙሻል ትቅደም ይላሉ! ሁላችሁም ጨዋ ናችሁ! ጨዋነታችሁን ጋግራችሁ ብሉት!»

ይኼን ጊዜ በሩ ሁሉ ተከፈተ። ሰዉ ዱቄት ሊወስድ የወጣ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላው መውሰዱን ሊያረጋግጥ ነው የወጣው። እማማን እጃቸውን ይዤ ወረድኩ። መምህሩ ስንጥራቸውን ኪሳቸው ከተው መጡ። ዘሀራ እጇን እያደራረቀች መጣች። ሰይድ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፎ መጣ። ይመኙሻል ልጇን አዝላ መጣች። መጋዘኑን ከፈትኩና ገለል አልኩላቸው።

«እማማ ይግቡ፣ በሞቴ።»

«የለም የለም፣ መምህር ይቅደሙ።»

«ኧረ ዘሀራ፣ አንቺ ልጆች ይዘሽ...»

«ወላሂ አልቀድምም። ሰይድ በሽተኛው ይግባ።»

«አፈር ስሆን ይመኙሻል፣ አንቺ ግቢ።»

በሩ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስገባል። አንድም ሰው አልገባበትም። እንዲህ ሲገፋፉ አይሱዙው ጡሩንባውን እየነፋ መጥቶ ቆመ።

ሾፌሩ ወረደ። ወፈር ያለ፣ የቸኮለ ሰው ነው። ሰዉን አየ፣ ዱቄቱን አየ። «ምንድን ነው፣ የተራበ አለ ወይስ የለም?» አለ።

መምህሩ ኮታቸውን አስተካከሉ። ዘሀራ መሬት መሬቱን አየች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዱቄት ግን ይነቅዛል፣ ልጅም ይሞታል።

«እንግዲያው ጫን!» አለ ሾፌሩ ለረዳቱ። የመጀመሪያው ከረጢት መኪናው ላይ ተወረወረ። ሁለተኛው ተከተለ። የይመኙሻል ልጅ ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ከረጢቶቹን በዓይኗ ትከተላለች።

አልቻልኩም። «ኧረ በእናታችሁ!» አልኩ። «አምስት ሰው ቆማችሁ አንዳችሁ ራበኝ ማለት ያቅታችኋል? አንድ ቃል እኮ ነው! ሰርቃችሁ ነው? ገድላችሁ ነው? መራብ ምን ነውር አለው?»

«ውብሸት» አሉ እማማ የሺሐረግ።

«አቤት!»

«አንተስ በልተሃል?»

«እኔማ ደህና ነኝ፤ በልቻለሁ» አልኩ።

ቃሉ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ከዚያ ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ጠዋት እኔ ይመኙሻልን እንዳየኋት፣ ቀን የሰይድን ሆድ እንደሰማሁት፣ አሁን እኔን ያዩኛል።

«ዳገቱን ስትወጣ ሦስት ጊዜ ነው የተቀመጥከው» አሉ እማማ። «ሰምቼሃለሁ። በልቶ የወጣ ሰው እንደዚያ አይተነፍስም።»

ምን ልበላችሁ? አልበላሁም ነበር። ማምረቻው ሲዘጋ ዘበኛውንም አብሮ ነው ያሰናበተው፤ ዘበኛው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ከትናንት ወዲያ ማታ ከቀመስኳት ቆሎ በቀር በአፌ ውኃ እንጂ እህል አልዞረም። ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያ ሁሉ ዱቄት ጋር ስቀመጥ አንዲት እፍኝ አልነካሁም። ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ቀድሞ በላ እንዳይሉኝ! ሰፈሩን ሁሉ ስሳደብ የዋልኩት በራሴ በሽታ ነው። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

ሦስተኛው ከረጢት የረዳቱ እጅ ላይ ነበር። ሄጄ ከእጁ ላይ ያዝኩት።

«ልቀቀው» አለኝ። «የተራበ የለም ተብሏል።»

«አለ» አልኩ።

«ማነው?»

ያ ትልቅ ድምፄ የት እንደገባ እንጃ። መጀመሪያ አልወጣ አለኝ። ከዚያ ወጣ። «እኔ። እኔ ውብሸት ርቦኛል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ርቦኛል!»

የሞተ ሰው የለም። መሬትም አልተከፈተም። ከረጢቱን ትከሻዬ ላይ አደረግኩት፤ ከበደኝ፣ ደስም አለኝ። እንባዬ ለምን እንደመጣ ግን አላውቅም።

«እንግዲህ እሱ ከወሰደ» አሉ እማማ፣ «ለእኔም ስጡኝ። እኔም ርቦኛል።»

እኔ ስወስድ እማማ ወሰዱ፤ እማማ ሲወስዱ መምህሩ «በዚህ ሁኔታማ እኔም ሳይርበኝ አልቀረም» ብለው ወሰዱ፤ መምህሩ ሲወስዱ ዘሀራ ወሰደች፤ ዘሀራ ስትወስድ ሰይድ ወሰደ፣ ከረጢቱንም መምህሩ ያዙለት፤ ሰይድ ሲወስድ ይመኙሻል ወሰደች። ከየግቢው በሩን ያላንኳኳሁበት ሰው ሳይቀር «እኛም፣ እኛም» እያለ መጣ። ሾፌሩ የጫናቸውን ሁለት ከረጢቶች ራሱ አወረደ። «ምነው ቀድማችሁ ብትናገሩ» አለ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም፤ ደግሞ በዚያን ዕለት የእሱ ጥፋት አልነበረም። አይሱዙው ባዶውን ተመለሰ።

ይመኙሻል ወሰደች፣ ቂጣ ተጋገረ። ቂጣ ተጋገረ፣ ልጅቷ በላች። ምጣዱ ላይ እያለ ነው መብላት የጀመረችው ብለውኛል፤ ጣቷን ትንሽ አቃጥሏታል። እሷ ማንንም ቅደሙ አላለችም።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። ተረት የነገራችሁን ሰው አፉን በዳቦ ማበስ የአባት ወግ ነው። እኔን ግን አታብሱኝ። ዳቦውን እጄ ላይ አኑሩልኝ፤ እበላዋለሁ።