የአቶ መርሻ ድምፅና የጠበበው ዕቃ

ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኛ! በዓይኔ ያየሁትን ነው የማወራው።

ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ እትዬ ዘርፌ አንዲት ነገር አማራቸው፤ የሟች ባለቤታቸውን የአቶ መርሻን ድምፅ መስማት። ድምፁ ያለው አንዲት አሮጌ መቅረጫ ውስጥ ነው። ማሰሚያዋ ተሰብሮ ኮምፒውተር ላይ ካልሰኳት አትናገርም። የሰፈራችን የኮምፒውተር ጠጋኝ ሉባባ መጥታ ሰካቻት።

መቅረጫዋ «መለያ ቁጥሬን ካልጠራሽ አልከፈትም» አለች። መቅረጫዋ አትከፈት፣ አቶ መርሻ አይናገሩ፣ እትዬ ዘርፌ አይሰሙ!

ሉባባ ቁጥሩን መቅረጫዋን የሚከፍተውን ፕሮግራም ጠየቀችው። «ከርነሉ ካልነገረኝ ከየት አውቄ?» አለ። ከርነል የኮምፒውተሩ የውስጥ አዛዥ ነው አሉ፤ ማን ገባ፣ ማን ተሰካ፣ ሁሉን ያውቃል። ከኔ የባሰ! ከርነሉ አይነግር፣ ፕሮግራሙ አያውቅ፣ መቅረጫዋ አትከፈት፣ አቶ መርሻ አይናገሩ፣ እትዬ ዘርፌ አይሰሙ!

ሉባባ ከርነሉ እንዴት እንደሚጠየቅ መመሪያውን ገለጠች። የለም። መመሪያው አይጽፍ፣ ከርነሉ አይነግር፣ ፕሮግራሙ አያውቅ፣ መቅረጫዋ አትከፈት፣ አቶ መርሻ አይናገሩ፣ እትዬ ዘርፌ አይሰሙ!

«እንግዲያው ያልተጻፈውን እሞክራለሁ» አለችና ለከርነሉ የጥያቄ ቁጥር በተራ በተራ ትልክለት ጀመር። አንድ፤ ዝም። ሁለት፤ ዝም። አሥራ አንድ ላይ «ዕቃሽ ጠበበ» ብሎ መለሳት።

«ይሄም እምቢ አለኝ» አለች።

«የምን ዕቃ?» አልኳት።

«መልሱን የሚቀዳበትን ባዶ ቦታ የማቀርበው እኔ ነኝ፣ እትዬ አስካለ። ልኩ ግን የትም አልተጻፈም።»

«አንቺ ልጅ! ጠላ ልትቀጂ ቆርኪ ይዘሽ ትሄጃለሽ? እኛ እርሾ ስንዋስ እንኳ ‹ስንት የሚይዝ ላምጣ?› እንላለን። ባለቤቱን ጠይቂዋ!»

ሉባባ ስታይ፣ ለካ ከርነሉ ከእምቢታው ጋር የዕቃውን ልክ ጽፎ መልሶላታል! ለካስ እምቢታ አልነበረም።

ዕቃውን ብታሰፋው ከርነሉ ቀዳ፤ ከርነሉ ቢቀዳ ፕሮግራሙ አወቀ፤ ፕሮግራሙ ቢያውቅ መቅረጫዋ ተከፈተች፤ መቅረጫዋ ብትከፈት አቶ መርሻ ተናገሩ፦

«ዘርፍዬ፣ መጋረጃውን ሳቢው! ያቺ አስካለ ደግሞ ብቅ ብላለች!»

እትዬ ዘርፌ ሰሙ። ሰምተው ሳቁ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ገና ማየቴ ነው። እኔስ? ሟች አሙኝ ብዬ ልቀየም? እሰይ፣ ስሜን የጠራ አፍ! «ድገሚልን» አልኳት።

ወሬዬ ለእናንተ፣ ምስጋናዬ ለሉባባ።