ማጀት የገባው በሪሁን

ተረት ልነግራችሁ ነው። ማሳል ያማረው አሁን ይሳል። መንሾካሾክ ያማረውም በሩ ያውላችሁ። ከጀመርኩ ወዲያ አፍ የሚከፈተው ለመሳቅ ብቻ ነው።

በድሮ ጊዜ፣ ውሸት እንደ ዛሬው በየደጁ ሳይበቅል፣ በአንዲት አገር አንድ ትልቅ ማድቤት ነበር። የማንም አልነበረም፤ የሁሉም ነበር። ምስር ያለው ምስር ያመጣል። ምስር የሌለው እንጨት ያመጣል። እንጨትም የሌለው እጁን ይዞ ይመጣል። አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ያላወቀውም እዚያው ይማራል። ለዚህ ነው የደቦ ማድቤት የሚሉት።

አዛዧ እመት ፈንታዬ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ሕጋቸው አንድ ናት። "እዚህ የበላ እውነቱን ይናገር። ያልጣመውን ወጥ በልቶ 'እጅሽን ቁርጥማት አይንካው' ያለ ሰው፣ የዕለቱን ድስት ሁሉ እሱ ያጥባል።" ድስቱ ደግሞ አሥራ ሁለት ነው። ታዲያ ማን ይዋሻል?

በዚያች አገር በሪሁን የሚባል ገበሬ ነበር። ሲያርስ የሚቀድመው የለም። ሲያጭድ የሚደርስበት የለም። ውኃ አፍላ ቢሉት ግን ውኃውን የሚያሳርር ሰው ነበር። ምን ያድርግ? እናቱ አበላችው፣ ቀጥላ ሚስቱ አበላችው። ከዕለታት አንድ ቀን ሚስቱ ሞተችበት። ማንጠግቦሽና እንጉዳይ የሚባሉ ሁለት ሴት ልጆች ትታለት ሞተች።

የሟች ታላቅ እህት ደብሪቱ አርባው እንኳ ሳይወጣ መጣች። ጎተራዋ የሞላ፣ ዓይኗ ግን የማይሞላ ሴት ነበረች።

"ልጆቹን ስጠኝ" አለችው። "ወንድ ልጅ ልጅ አያበላም።"

ለልጆቹ አዝና መሰላችሁ? ወፍጮዋ ፈጪ አጥቶ ነው እንጂ!

ሦስት ሽማግሎች ተቀመጡ። "በሪሁን፣ እስከ መስቀል ጊዜ ሰጥተንሃል" አሉ። "እስከዚያ ልጆችህን በወጉ ማብላት ከቻልክ ያንተ ናቸው። ካልቻልክ አክስታቸው ትውሰዳቸው።"

በሪሁን ቤቱ ገብቶ ቂጣ ጋገረ። ቂጣው ከሰለ። ማንጠግቦሽ ከሰሉን በጥፍሯ እየፋቀች ጎረሰችና "አባዬ፣ ጥሩ ነው" አለችው። የራበው ልጅ ለአባቱ አዝኖ ሲዋሽ ከመስማት የከፋ ነገር የለም። በሪሁን ነጠላውን አጣፍቶ በቀጥታ ወደ እመት ፈንታዬ ሄደ።

ሴቶቹ ሲያዩት በሳቅ ፈነዱ። "ኧረ ጉድ! ወንድ ማጀት ገባ! ጢምህን ከእሳቱ አርቅ፣ ጎረቤት ይቃጠላል!"

"ሳቁን ጨርሱና ቦታ ልቀቁለት" አሉ እመት ፈንታዬ።

መጀመሪያ ሽሮ ሠራ። ተበላ። "ይሄ ወጥ ነው ወይስ የግድግዳ ምርጊት?" አሉት። በሪሁን ደሙ ፈላ። ማማሰያውን ወርውሮ ወጣ። እመንገድ ላይ ግን ያቺ የከሰለች ቂጣ ትዝ አለችውና ተመለሰ።

ሁለተኛ ምስር ሠራ። አንድ እንግዳ ሰው አዘነለትና "እጅህን ቁርጥማት አይንካው" አለ። እመት ፈንታዬ አንዴ ቀምሰው፣ "ጥሬ ነው። ድንጋይም አለበት" አሉ። እንግዳው እስኪመሽ አሥራ ሁለት ድስት ሲፈትግ ዋለ። እመት ፈንታዬ ደግሞ በሪሁንን አጠገባቸው አስቀምጠው ምስር መልቀም አስተማሩት። "አንዴ ለዓይንህ ልቀመው። ሁለቴ ለጥርስህ ልቀመው። ሦስተኛውን ለምትወደው ሰው ልቀመው።"

ሦስተኛ የዱባ ወጥ ሠራ። በሉ። ማንም አልተናገረም። በሪሁን "ምነው ዝም አላችሁ?" ቢል፣ አንዷ ሴት አፏ እንደሞላ፣ "አታስለፍልፈን፣ እየበላን ነው!" አለችው።

መስቀል ደረሰ። ሽማግሎቹ ሾላው ሥር ተቀመጡ። ደብሪቱ ጭሰኞቿን አስከትላ መጣች።

"ከማድቤቱ ሴቶች አንዷ ሠርታ ብትሰጠውስ ማን ያውቃል?" አለች። "እዚሁ በዓይናችን ሥር ይሥራ። እኔም እሠራለሁ። የእኔ እጅ ምን እንደሆነ አገር ያውቃል!"

"አገር ያውቃል!" አሉ ጭሰኞቿ።

እውነትም አገር ያውቅ ነበር። የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

በሪሁን ጭሰኞቹን አየ። የወጧ ነገር ሲነሳ ፊታቸው መራራ መድኃኒት እንደዋጠ ሰው ሲጨማደድ አየ። አንድ ሐሳብ መጣለት።

"እስማማለሁ፣ አባቶቼ" አለ። "አንድ ነገር ግን ልለምን። ቀማሾቹ የእትዬ ደብሪቱ ሰዎች ይሁኑ።"

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ማንጠግቦሽ የነጠላውን ጫፍ ያዘች። "አባዬ፣ ምን ነካህ?"

ደብሪቱ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "ሞኝ! ሌላስ?"

"ሌላማ፣ ድስቶቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ። የቱ የማን እንደሆነ ለቀማሾቹ አይነገር።"

"ይሁን! ለሃያ ዓመት የበሉትን እጅ ሊያጡት ነው?"

ሽማግሎቹ ለሁለቱም እኩል ሰጡ፦ ድፍን ምስር፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ጨው። ቅቤ የለም። ደብሪቱ ትንሽ ደነገጠች። በቤቷ ያረረውንም ያልበሰለውንም ቅቤ ነበር የምታለብሰው።

በሪሁን ሰፌድ ይዞ ተቀመጠ። አንዴ ለቀመ። ሁለቴ ለቀመ። ሦስቴ ለቀመ።

"አያችሁት?" አለች ደብሪቱ። "ነገ ደግሞ ቀሚስ እናሰፋለታለን! ለቀማ የገረድ ሥራ ነው።" ምስሯን አለቅልቃ ድስቱ ውስጥ ወረወረችው።

ወጡ ደረሰ። አንዱ ድስት በግራ፣ አንዱ በቀኝ ተቀመጠ። ወጡ እስኪሠራ ከአጥር ጀርባ የቆዩት ሦስት ጭሰኞች ለቅምሻ ተጠሩ።

የመጀመሪያው ከግራው ጎረሰ። ጥርሱ ቀጭ አለ። በልቡ "ይሄስ የወንዱ ነው" አለና እመቤቱን ደስ ሊያሰኝ ጮኸ፦ "ድንጋይ ነው ያበሰለው! ማሳህን ነው እንዴ ያመጣህልን፣ በሪሁን?"

ሁለተኛውም ከግራው ጎረሰ። "አርሯል! ከዚህ ወጥስ ረሃብ በስንት ጣዕሙ!"

ሦስተኛው ቀማሽ ዕድሜው የገፋ አራሽ ነበር። ግራውን ቀምሶ ወደ ጎን ተፋ። ቀኙን ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። ደግሞ ጎረሰ። ከዚያም ደብሪቱ እግር ላይ ወደቀ።

"እመቤቴ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን እጅ የት ደብቀውት ኖሩ?"

ደብሪቱ እንደ በርበሬ ቀላች።

"የግራው የማን ነው?" አሉ ሽማግሎቹ።

ትንሿ እንጉዳይ ጣቷን ቀሰረች። "የአክስቴ!"

ሾላው ሥር ሳቅ ሆነ። ሽማግሎቹ ፂማቸውን ይዘው ሳቁ። ደብሪቱ ወደ ጭሰኞቿ ዞረች። "ሃያ ዓመት ዋሻችሁኝ!"

"ታዲያ እመቤቴ፣" አለ አራሹ መሬት መሬት እያየ፣ "እውነቱን የተናገርን ዕለት መሬቱን ማን ይሰጠናል?"

ሽማግሎቹ ፈረዱ። "ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ይግቡ። አንቺም ደብሪቱ፣ የሰው ልጅ ከመውሰድሽ በፊት ማብላት ተማሪ። እስከ ፋሲካ ደቦው ማድቤት ገብተሽ ምስር ልቀሚ።"

በሪሁን እንጉዳይን በትከሻው፣ ማንጠግቦሽን በእጁ ይዞ ገባ። ያን ማታ ማንጠግቦሽ ሁለቴ ጨመረች። "አባዬ፣ በርበሬው በዝቷል" አለችው። በሪሁን ደስ ብሎት ውኃ አቀበላት።

ደብሪቱስ? እያጉረመረመች ሄደች። አንድ ሳምንት ለሰው ጀርባዋን ሰጥታ ምስር ስትለቅም ከረመች። በሁለተኛው ሳምንት ወጥ ሠራች፤ እመት ፈንታዬም ቀምሰው "ጨው ረስተሻል፣ ልጄ" አሏት። ደብሪቱ ማድቤቱ ጥግ ተቀምጣ አለቀሰች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። አልቅሳ ስታበቃ ግን ተነሥታ ጨው ጨመረች። ፋሲካ አለፈ፣ እሷ ግን አልወጣችም። አሁንም ምላሷ ስል ነው፤ ወጧ ግን ይበላል። ጭሰኞቿም ወፍረዋል።

ለዚህ ነው አባቶች "የሚወድህ ያስለቅስሃል፣ የሚጠላህ ያስቅሃል" ያሉት።

እኔ የሰማሁትን አቀበልኳችሁ፤ እናንተም ሳትቀንሱ አቀብሉ። በሉ አሁን ውኃ ስጡኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል።