በአሮጌው ቤት ጣሪያ ላይ የተወለደችው ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ዓመቱን ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ በድሬዳዋ በአንድ ደረቅ ወንዝ ዳር የድንጋይ ቤት ነበር። ሦስት ባለቤቶች ተፈራርቀውበታል፤ ቢያንስ ቅደም ተከተላቸውን አልሳሳትም።

የሠሩት አቶ ወልደዮሐንስ ናቸው። ከወንዙ አጠገብ ባለ አሮጌ ዛፍ ግንድ ላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ የድሮ ጎርፍ የተወው የደረቀ ጭቃ አዩ። ስለዚህ መሠረቱን በጥቁር ድንጋይ አጠንክረው ከፍ አደረጉት። ሰፈሩ ሳቀባቸው። «ጋሼ፣ ዝናብ በማይጥልበት አገር ተራራ ይሠራሉ እንዴ?» እሳቸው ሌላ ድንጋይ ጨመሩ።

ከእሳቸው የገዙት ወይዘሮ ዘሃራ ናቸው። ሙቀት ሲበረታ ጎረቤቱ ሁሉ ነፋስ እንዲያገኝ ብለው ከግቢው ወደ ጠፍጣፋው ጣሪያ የሚያወጣ ደረጃ አሠሩ። ቤቱን ሲሸጡም ገዢውን «ደረጃውን ላታፈርስ ማልልኝ» አሉት። ማለላቸው።

ገዢው ኢብሳ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሳሎኑን መጋዘን አደረገው። ሰማዩ ጥርት ባለበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሰፈሩን ሞላው። ኢብሳ ያለውን ጣቃ ጨርቅ ሁሉ (ሰማያዊ ይመስለኛል) ተርትሮ እንደ ገመድ ገመደው፤ አንዱን ጫፍ ከበረንዳው ምሰሶ አስሮ ሌላውን ወደ መንገዱ ወረወረ። ሰዉ እሱን እየያዘ ገባ። የመጨረሻዋ እርጉዟ አስናቀች ነበረች። ውሃው ሳሎኑን ሲሞላ፣ እዚያው ሰፈር የሚኖሩት አቶ ወልደዮሐንስና ወይዘሮ ዘሃራም ሳይቀሩ፣ ሁሉም በደረጃው ወደ ጣሪያው ወጡ። ቤቱ አልተነቃነቀም። ከሰፈሩ አንድም ሰው አልጠፋም። እዚያው ጣሪያ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እልልታው የጎርፉን ድምፅ ዋጠው።

ውሃው ሲጎድል አስናቀች፣ «ያዳነን ሰው የልጄን ስም ያውጣ» አለች።

«እኔ ነኛ!» አሉ አቶ ወልደዮሐንስ። «ቤቱ ባይቆም የት ትወልጂ ነበር?»

«ቤቱማ ቆመ» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ። «ሳሎንዎ ግን የዓሣ ቤት ሆኖ ነበር። የወጣችው በእኔ ደረጃ ነው።»

«ደረጃው ጋ ማን አደረሳት?» አለ ኢብሳ። «ንብረቴን ውሃ በላው። ልጅቷስ የተጠቀለለችው በማን ጨርቅ ነው?»

«አንተማ ጨርቁን ልትለካ ሜትርህን ስትፈልግ ሰው ሊያልቅ ነበር!» አሉት አቶ ወልደዮሐንስ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ የተረታ ግን የለም።

አስናቀችም፣ «ለልጄ የሚበቃት አንድ ስም ነው። ተስማሙና ንገሩኝ» አለቻቸው።

እንግዲህ ፍረዱ፤ ስሟን ማውጣት የሚገባው ለማን ነው? ብቻ ፈጠን በሉ። በቅርቡ ሄጄ አረጋግጫለሁ፦ ልጅቷ ያንን ደረጃ ብቻዋን መውጣት ጀምራለች፤ ሰፈሩ ግን እስካሁን የሚጠራት «ሚሚ» እያለ ነው።