የቢያድግልኝ በሶብላ

አንድን ነገር ጠብቄ አኖራለሁ እያለ በየቀኑ የሚነካካ ሰው ሲያዩ፣ በእኛ አገር ሽማግሌዎች ፈገግ ብለው የሚሏት አንዲት አባባል አለች። እንዲሁ አልተባለችም፤ መነሻ አላት።

አትጠገብ ጠዋት ትነሳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ቤቷን ትጠርጋለች፣ ለዶሮዎቹ ጥሬ ትበትናለች። ከዚያ ከጓዳ አንድ ቅል አውርዳ መደቡ ላይ ትቀመጣለች።

በቅሉ ውስጥ ያለው ባሏ ቢያድግልኝ የዘራው የመጨረሻ በሶብላ ነው። ቢያድግልኝ ጓሮ የሚወድ ሰው ነበር። ጎረቤቶቹ በአጥር አሻግረው፣ "ቀሚስ እንግዛልህ ወይ?" እያሉ ሲያሾፉበት፣ አንድ ዘለላ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይስቅ ነበር። በታመመበት ዓመትም አበባው ዘር ሲይዝ ራሱ አጭዶ በጥላ አደረቀው።

"ለሙት ዓመቴ ሽሮው ውስጥ ይሄን ጨምሪበት" አላት። "የመጣው ሰው ሳይነገረው የማን ቤት እንደሆነ ይወቅ።"

"እሺ" አለች።

እሱ ካረፈ በኋላ በየጠዋቱ ክዳኑን ትከፍታለች። አንድ ዘለላ በመዳፏ ፈተግ አድርጋ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። ዓይኗን ስትጨፍን ጓሮው ይመጣል፤ ውሃ የጠጣ አፈር፣ ጭጋግ፣ በጭጋጉ ውስጥ ጎንበስ ያለ ሰው ጀርባ። ሰውየው ሊዞር ሲል ዓይኗን ትገልጣለች፤ ነገም አለ ብላ።

አንድ ቀን ጎረቤቷ እማማ ደብሪቱ ደረሱባት።

"አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"እንዳይነቅዝ እያየሁት ነው፣ እማማ።"

"በአፍንጫሽ ነው የምታዪው? በይ እኩሌታውን ስጪኝና ልዝራልሽ።"

"ከሙት ዓመቱ በኋላ።"

"እሺ፣ ክዳኑን እንኳ ግጠሚው።"

አትጠገብ ገጠመችው። በማግስቱ ከፈተችው።

ዓመቱ ሞላ። ሽሮው በትልቁ ድስት ሲንተከተክ ቅሉን አምጥታ ገለበጠችው። የደረቀ ጭራሮና ብናኝ ወረደ። ዘሩም በየጠዋቱ ከመዳፏ እየረገፈ ከጥራጊ ጋር ወጥቶ አልቋል። ያም ሆኖ ብናኙን ጨመረችው፤ አማሰለችው፤ ድስቱ ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። የሽሮ ሽታ ብቻ ነበር።

እንግዶቹ በሉ፣ ነፍስ ይማር አሉ። ዘግይቶ የደረሰ የሩቅ ዘመድ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ አጠገቡ ወዳለችው ሴት ዞር አለ።

"የቢያድግልኝ ቤት ይሄ ነው አይደል?"

"አዎ፣ ይሄ ነው" አለች ወጥ ስታዞር የሰማችው አትጠገብ፤ ጨመረችለትም። ሽንኩርቱም በርበሬውም ጨውም ነበረበት፤ በሶብላው አልነበረም።

እማማ ደብሪቱ ከጓዳው በር ላይ ሆነው ይህን ሰሙ፤ ሳይቆጡ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ "እያሸተቱ ያኖሩት በሶብላ ለወጥ አይደርስም" አሉ።