ኩሬው እስኪሠራ

አንዲት መሐንዲስ ነበረች። ጥያቄህን ረስቼ አይደለም፣ አንማው። «መምህሬ ሲሳሳት ባይ፣ ዝም ብል ነው ያከበርኩት ወይስ ብናገር?» አልከኝ። መልሱን በአንድ ቃል ብነግርህ ገና ደጄን ሳትሻገር ይጠፋብሃል። ስለዚህ ቁጭ በልና ስማኝ።

ስሟ ስንቅነሽ ነው። ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ከተማ በውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ትሠራ ነበር። ከተማዋ አድጋለች፤ ፎቁም ሆቴሉም በዝቷል፤ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዋ ግን ያው የድሮው ነው። ሁለት ኩሬ ብቻ። የከተማው ቆሻሻ ውሃ በቧንቧ ተሰብስቦ እዚያ ይገባል፣ ይዘቅጣል፣ ይጣራል፣ ከዚያ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ሰው ሲበዛ ኩሬዎቹ አልቻሉም። ክረምት በመጣ ቁጥር ሞልተው በአጠገባቸው ባለው ሰፈር ላይ ይገነፍላሉ። የሰፈሩ ሰው ደጃፉን በአፈር ገድቦ፣ አፍንጫውን ይዞ ነበር ክረምቱን የሚያሳልፈው።

በመጨረሻ ማስፋፊያ ይሠራ ተባለና በጀት ተገኘ። ዲዛይኑን የሠሩት አንድ አዛውንት መሐንዲስ ናቸው። ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ብሎ ይጠራቸዋል፤ በዚያ አገር ኢንጂነር ሲባል ሌላ ሰው ትዝ የሚለው የለም። ጡረታ ወጥተው ሳለ ከተማው ሲለምናቸው እሺ ያሉ ሰው ናቸው። ስንቅነሽን ኮሌጅ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሥራ ስትፈልግም፣ «ሴት ልጅ ጉድጓድ ገብታ ቧንቧ ታያለች ወይ?» ላሉት ሰዎች «እኔ ያየኋት ገብታ ነው» ብለው አፋቸውን ያስያዙላት እሳቸው ናቸው። እሷም «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ በበዓል ከቤታቸው ቀርታ አታውቅም።

ታዲያ ዲዛይኑ ከመጽደቁ በፊት የሚገመግም ኮሚቴ ሲቋቋም አባል ሆና ተመረጠች። ንድፉን ተቀብላ እያገላበጠች አየችው። ሥራው ያምራል። ስፋቱም፣ ጥልቀቱም፣ የቧንቧው ቁልቁለትም ልክ ነው። የመምህሯን እጅ እያየች ደስ ሲላት ቆይቶ፣ አንዲት ቀጭን መስመር ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ።

ቦታው ጠባብ ስለሆነ አዲሱ ትልቅ ኩሬ የሚሠራው አሮጌዎቹ ባሉበት ነው። ስለዚህ እነሱ አስቀድመው ይፈርሳሉ። እነሱ ፈርሰው አዲሱ እስኪሠራ የከተማው ፍሳሽ የት ይሄዳል? ቀጭኗ መስመር ከመግቢያው ቧንቧ ተነሥታ፣ የትም ሳትቆም፣ ቀጥታ ወንዙ ውስጥ ትገባለች። በጎኗ «ጊዜያዊ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ጊዜያዊ የተባለው፣ ሥራው ቢፈጥን እንኳ፣ ዓመት ከመንፈቅ ነው።

ስንቅነሽ ምናልባት ከታች የሚጠቀምበት ሰው አይኖር ይሆናል ብላ ወንዙን ተከትላ ወረደች። እንዲህ ብላ ተስፋ ማድረጓ በመምህሯ ላይ መነሣት ስላልፈለገች ነው። ግን ግራና ቀኙ ሁሉ የጎመንና የቆስጣ መደብ ነው። ከብት ይጠጣል። ዳር ዳሩን ጉድጓድ ተቆፍሯል። አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ልብስ ታጥባለች።

«እንደምን ዋልሽ እናቴ። ይህን ውሃ ትጠጡታላችሁ?»

«ለልብስና ለአትክልት ነው። የምንጠጣው ከዚያ ከጉድጓዱ ነው፤ እሱም ያው ከወንዙ የሚሰርግ ነው» አለች ሴትዮዋ። ቀና ብላም የስንቅነሽን ጫማና ቦርሳ አየችና፣ «ከመንግሥት ነሽ? ደግሞ ምን ልታደርጉን ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ስንቅነሽ ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን አየች። ደህና ዋይ ብላት ተመለሰች።

ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት ወደ መምህሯ ቤት ሄደች። ማንም ከመስማቱ በፊት እሳቸው ይስሙት ብላ ነው። ይህን ልብ በልልኝ።

«ጋሼ፣ ይህቺ መስመር ከበደችኝ» አለቻቸው።

ኢንጂነር መነጽራቸውን አድርገው አዩ። «ጊዜያዊ ናት እኮ። ጽፌዋለሁ።»

«ጊዜያዊ የምንላት እኛ ነን። ታች ያሉት በየቀኑ ነው የሚቀዱት።»

«ሌላ ቦታ የለም፣ ልጄ። ሳላስብበት የቀረሁ ይመስልሻል? በጀቱ ዘንድሮ ሥራ ካልተጀመረበት ይመለሳል። ከተመለሰ ሰፈሩ ስንት ክረምት በፍሳሽ እንደሚጥለቀለቅ እግዜር ይወቀው። እነሱስ ሰው አይደሉም?»

«ሰው ናቸው። ግን ጋሼ...»

«ግን ምን? ያስተማርኩሽ እኔኑ መልሰሽ እንድትፈትኚኝ ነው?»

ንድፉን ጠቀለሉት። ሻይዋ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። ሁልጊዜ እስከ በር ይሸኟት የነበሩ ሰው ያን ቀን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቀሩ። መንገዱን ሁሉ፣ ዝም ልበል ይሆን፣ እያለች ሄደች። ዝም ብትል የሚወቅሳት ሰው አልነበረም። ንድፉን የሠራችው እሷ አይደለችም፤ ፊርማዋም ከብዙ ፊርማ አንዱ ነው።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ሰዎቹ አንድ በአንድ አመሰገኑ። ሰብሳቢው «እንግዲህ አስተያየት ከሌለ እናጽድቀው» አሉ። ስንቅነሽ እጇን አወጣች።

«አሮጌዎቹ ኩሬዎች ከፈረሱበት ቀን ጀምሮ አዲሱ እስኪያልቅ ድረስ የከተማው ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ይገባል። ከታች ሰው አለ፤ ሄጄ አይቻለሁ። በዚህ መልኩ አልስማማም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ አባል፣ «ለመሆኑ ይህን ሙያ የተማርሽው ከማን ነው?» ብሎ ጮኸባት።

«ከእሳቸው ነው» አለች ወደ ኢንጂነር ዘወር ብላ። «ቧንቧ ከመዝጋትሽ በፊት ውሃው የት እንደሚሄድ ጠይቂ ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይኸው እየጠየቅሁ ነው።»

ኢንጂነር ቀና አላሉም። ሰብሳቢው ነገሩን ለማለዘብ፣ «ልዩነትሽ በቃለ ጉባኤ ይያዝልሽና ፈርሚ፤ ሥራው አይቁም» አሏት።

«ልዩነቴ ቢያዝ ወንዙን አያጠራልኝም። አልፈርምም።»

ሁሉም ካልፈረሙ ደግሞ ንድፉ አይጸድቅም። ለመኗት። ተቆጧት። ሰፈሩ ሲጥለቀለቅ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ አሏት። እሷ ብዕሩን ከፊቷ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

በዚህ መሐል ኢንጂነር ተነሡ። ወደ ጠረጴዛው ሄደው ንድፋቸውን ጠቀለሉ፤ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ።

«ይኸው! አዛውንቱን አዋረድሽልን!» አሏት። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤት ስትገባ ወሬው ይቋረጣል፤ ሰላም ስትል አንዳንዱ በግማሽ አፉ ይመልሳል። ለኢንጂነር ብትደውል አያነሡም። ሰው ፊት አላለቀሰችም፤ ቤቷ ገብታ ግን አልቅሳለች። እንዲያም ሆኖ፣ በነጋታው ልፈርም ይሆን ብላ ራሷን ስትጠይቅ መልሱ ያው እምቢ ነበር።

አንድ ጠዋት ኢንጂነር ራሳቸው ደወሉ። «ጣቢያው ጋ ነኝ። ነይ» ብለው ዘጉት።

ስትደርስ ኩሬው አፋፍ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ወንዙን ተከትለው ወርደው መመለሳቸው እንደሆነ ገባት። ንድፉን መሬት ላይ ዘረጉና፣ «ነፋስ እንዳይወስደው ያንን ጫፍ ያዢልኝ» አሏት።

ተንበርክከው አብረው ሠሩ። አዲሱን ኩሬ ለሁለት ከፈሉት። አንዱ አሮጌ ኩሬ ሲፈርስ ሌላው ሥራ ላይ ይቆያል፤ ብቻውን ስለማይችል ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ መኪኖች የሚቆሙበት ግቢ ተቆፍሮ አጋዥ ኩሬ ይሠራለታል። መኪኖቹ ውጭ ይደሩ! በፈረሰው ቦታ የአዲሱ ግማሽ ተሠርቶ ፍሳሹን መቀበል ሲጀምር ብቻ ሁለተኛው አሮጌ ኩሬ ይፈርሳል። ቀጭኗን መስመር ኢንጂነር በገዛ እጃቸው ሰረዟት።

«ይዘገያል» አሉ።

«ይዘገያል።»

«ሰፈሩ አንድ ክረምት ይጨመርበታል። ይሰድቡሻል።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ተሳስቼ ነበር አላሏትም። እሷም አልጠበቀችም።

ኮሚቴው እያጉረመረመም ቢሆን አጸደቀው። የአጋዥ ኩሬው ቁፋሮ በዚያው ዓመት ስለተጀመረ በጀቱም አልተመለሰም። ክረምቱ ግን እንደተፈራው መጣ፤ አሮጌዎቹ ኩሬዎች እንደ ልማዳቸው ገነፈሉ። የሰፈሩ ሰው «አልፈርምም ያለችው የታለች?» እያለ ወጣ። ስንቅነሽ ቦቲ ጫማዋን አድርጋ ሄደች። ከሠራተኞቹ ጋር አሸዋ በጆንያ እየሞላች ስትደረድር አንድ አባወራ ፊቷ ቆመ።

«ልጆቼ በዚህ ሽታ ሲታመሙ የት ነበርሽ?»

«ይኸው መጥቻለሁ። ሥራው የዘገየው ታች ወንዙ ዳር ያሉት ልጆችም እንዳይታመሙ ነው። ለእርስዎ ሰፈር ሳይዘገይ ቢሆንልኝ እወድ ነበር።»

ሰውየው በዚህ የሚበርድለት አልነበረም፤ ሲሰድባት ዋለ። እሷም ጆንያውን ስትሞላ ዋለች።

ከጊዜ በኋላ ሥራው አለቀ። የሰፈሩ ደጃፍ ደረቀ። ታች ወንዙ ዳር ምን ሆነ ብትለኝ፣ ምንም አልሆነም። ጎመኑ እንደ ልማዱ በቀለ፤ ሰዉም ሊመጣበት የነበረውን ሳያውቅ ኖረ። ማንም መጥቶ አላመሰገናትም። ብቻ ሌላ ከተማ ኢንጂነርን ዲዛይን ሠርተው እንዲሰጡት በጠየቃቸው ጊዜ፣ «መጀመሪያ ስንቅነሽ ታየዋለች፤ እሷ ሳታየው ከእጄ አይወጣም» ብለዋል።

እንግዲህ አንማው፣ አንተ እንደዚያች መሐንዲስ ነህ፤ መምህርህም እንደ ኢንጂነር ነው። ስንቅነሽ ዝም ብትል ኖሮ የምታከብረው የመምህሯን ስም ነበር። ተናግራ ግን የተማረችውን አከበረች፤ እሳቸውንም ከማይፈልጉት ጥፋት አዳነቻቸው። አስቀድማ ቤታቸው እንደሄደች ሂድ። ካልተሰማህ ሰው ፊት ተናገር። ያላመንክበትን ከጠየቁህ እምቢ በል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስድብ ጆንያህን እየሞላህ ተቀበል። ሁሉም አንድ ሥራ ነው፤ ከመሐሉ አንዱን ብትተው ሌላው አይቆምልህም።

ደግሞ ስለ ሌላ መምህር እየጠየቅኸኝ ነው ብዬ አይደለም ይህን ያህል ያወራሁት። ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ ዛሬ አንተም ከመምህራኑ አንዱ ነህ። ትናንት በመምህራን ስብሰባ ላይ አጥፍተዋል የተባሉት ተማሪዎች ይባረሩ ብዬ ስናገር አንገትህን ስትደፋ አይቼሃለሁ። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ እጅህ ጉልበትህ ላይ ነበር። ዛሬ ቤቴ ድረስ መጥተሃል፤ ጥሩ አደረግህ፤ እሷም የጀመረችው ከዚህ ነው። በል ያየኸውን ንገረኝ። ቁጡ ሰው እንደሆንኩ ታውቃለህ፤ ልቆጣህ እችላለሁ። ብቆጣህም እስክትጨርስ ከተቀመጥክበት እንዳትነሣ።