ለቅሶ ወይም ኤፍ

መምህራን በክረምት እየመጡ በሚማሩበት አንድ ኮሌጅ፣ ዶክተር ልሳነወርቅ የሚባሉ ኩሩ ሰው ጥንታዊ ተውኔት ያስተምሩ ነበር። ጊዜው አጭር ስለሆነ በየቀኑ አንድ ተውኔት አንብበው ይጨርሳሉ። በሁሉም ውስጥ ሰው ይሞታል።

ዓርብ ዕለት ድምፃቸውን እያንቀጠቀጡ የሳምንቱን የመጨረሻ ንጉሥ ገደሉና ቀና ሲሉ፣ የሁሉም ዓይን ደረቅ ነው። አንዲት የገጠር መምህርት እንዲያውም ታዛጋለች።

«አንቺ! ንጉሥ ሞቶ ታዛጊያለሽ? አሁኑኑ ካላለቀስሽ ኤፍ ነው የምሰጥሽ!» ብለው ጮኹ።

ለመምህርቷ የመጨረሻው ክረምት ነበር፤ ኤፍ ካገኘች ምርቃቷ ይቀራል። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለችና እጅ ነሣች።

«ዶክተር፣ እኔስ ሰኞ ለሞተው ንጉሥ ለቅሶ ልቀመጥ ብዬ ነበር። ሰልስቱ ሳይወጣ ማክሰኞ ሌላ ገደሉብኝ። ረቡዕ አባትና ልጅ ባንድ ቀን ሄዱ። ሐሙስ ደግሞ ንግሥቲቱ ከነደንገጡሯ። እንዲህ ያለ ሞት እኛ ቀበሌ ቢገባ ዕድሩ ራሱ ይፈርስ ነበር። እንባዬን ከፈለጉ፣ እባክዎ እስከ ሰልስቱ ድረስ ሌላ ሰው አይግደሉ!»

ዶክተሩ ኤፉን ትተው፣ ሰኞ ሰርግ ያለበት ተውኔት ይዘው መጡ።