አስካለ ብቻዋን የቆመች ዕለት

አንዲት ሴት ነበረች፣ ወገኖቼ። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ ጽጌረዳ ትቆርጣለች። ዝምተኛ ናት። ዝምተኛ ስላችሁ ደግሞ እንደኛ ሲደክማት ዝም የምትል እንዳትመስላችሁ፤ ሰላምታዋ እንኳ በወጉ የማይሰማ ሴት ናት። ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም “እንዴት ያለች ጨዋ” ይላታል።

የሥራ ጓደኛዋ አስካለ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ያየችውን ሳትናገር አታድርም። ሰርቪሱ ዘገየ ብላ ትናገራለች፣ ጓንቱ ተቀደደ ብላ ትናገራለች። ሁለቱ ከአንድ ምሳ ዕቃ ይበላሉ፤ አንዷ ታወራለች፣ አንዷ ትሰማለች። እንዲህ ያለ ጓደኝነት አይታችሁ አታውቁም? እኔ አይቻለሁ፣ ደስ ይላል።

በዚያ እርሻ አንድ ደንብ አለ። አበባው የተባይ መድኃኒት ሲረጭ፣ በሚበቅልበት የላስቲክ ቤት በር ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል። ጨርቁ እስኪወርድ ድረስ ማንም አይገባም። ታዲያ አንድ ጊዜ የአበባ ገዢ ትእዛዝ በዛና መድኃኒቱ ገና ሳይደርቅ ጨርቁ ይወርድ ጀመር። ሴቶቹ ገብተው ይቆርጣሉ፤ ዓይናቸው ይቃጠላል፣ ራሳቸው ይዞራል። አስካለንማ ያስመልሳት ጀመር። ጀርባዋን እያሻሸች ውኃ የምታጠጣት ያቺ ዝምተኛ ናት። ሁሉን አይታለች።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለ። አለቃቸው አቶ ደምሰው “ችግር ያለበት ሰው አለ?” ብለው ጠየቁ። መቼም ይህ ጥያቄ በኛ ዘንድ የሚጠየቀው “የለም” እንዲባል ነው። አስካለ ብቻ ተነሣች።

“ጨርቁ ያለጊዜው ይወርዳል፤ መድኃኒቱ እያሳመመን ነው” አለች።

“አንቺ ደግሞ መቼ ነው ችግር የሌለብሽ?” አሉ አቶ ደምሰው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ማረጋገጥ ፈለጉ። ወደ ዝምተኛዋ ዞረው “እስቲ አንቺ ንገሪኝ። አንቺ ነገር አትወጂም። እውነት ታማችኋል?” አሏት።

አያችሁ? የሚታመነው የእሷ ቃል ነው። “አዎ” ብትል ነገሩ ያልቃል። አስካለም ዞራ አየቻት። ዝምተኛዋ ግን አንገቷን ደፋች። ዝም አለች።

“በቃ፣ ገባኝ” አሉ አለቃው። በዚያው ሳምንት አስካለ ሠራተኛ ታሳድማለች ተብላ ተባረረች።

ዕቃዋን ስትሸክፍ ዝምተኛዋ እያለቀሰች ታግዛት ነበር። አስካለ “እንድትከራከሪልኝ አልፈለግሁም እኮ፤ ‘አዎ’ ብትዪ ይበቃኝ ነበር” አለቻትና ሄደች።

ዛሬ ያቺ ሴት ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች። ዙሪያዋን ሰው ሞልቶ የሚያዋራት የለም፤ ዝምታ ትወዳለች ብለው ትተዋታል። ጨርቁ ዛሬም ያለጊዜው ይወርዳል። ወደ አስካለ ቤት ሄዳ “ይቅር በዪኝ” ልትላት ትፈልጋለች። እሱም ቃል ይጠይቃል።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ዝምተኛ መሆን ኃጢአት ነው? አይደለም፣ እግዚአብሔር እንዲያ አድርጎ ፈጥሯት ነው። ንግግር አድርጊ ያላት የለም። የተጠየቀችው ለእሷ ዐቅም የሚሆን አንዲት ቃል ነበር። እናንተስ? ፍርሃታችሁን ጨዋነት ብላችሁ የጠራችሁበት ቀን የለም?

እናንተ አለቆችም ስሙ። ብዙ የሚናገረውን “ነገረኛ” ብላችሁ ካሳቃችሁበት፣ ዝምተኛው በምን ልቡ ይናገር? ሁሉ ፊት አቁማችሁ ከምትጠይቁት ለብቻው ጠርታችሁ ብትጠይቁት ምናለ?

ነገ ሥራ ትገባላችሁ። ከመካከላችሁ አንዱ እውነት ተናግሮ ይሳቅበታል። ያ ሰው ያን ሰዓት የሚፈልገው ተናጋሪ አይደለም፤ ያየውን ያየ ሌላ ሰው ነው። ድምፃችሁ ይንቀጥቀጥ፣ ግድ የለም። “እኔም አይቻለሁ” በሉና አጠገቡ ቁሙ።